የእንሶስላው ዋስ

ባለፈው ሰሞን አንዲት አዲስ ያገባች ጎረቤቴ አጥሯ ሥር አበባ ተክላ ስታበቃ ወደኔ ብቅ አለችና፣ «አባባ፣ ይኸ አበባ ውሻችንን ይጎዳው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «አይጎዳውም» ወይም «እኔ እንጃ» ብሎ ይገላገላታል። እኔ ግን ትን አለኝ። ውኃ ቀርቦልኝ ነው ነፍሴ የተመለሰች። ልጅቱ በአንድ ጥያቄ ሽማግሌ የገደለች መስሏት ሳትደነግጥ አልቀረችም፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ሆነናል።

መልስ አጥቼ አይደለም። በውሻና በአበባ ጉዳይ በቡሬ ከተማ የኔን ያህል የተማረ ሰው የለም። ትምህርቱ ግን እንደ ሌላው ትምህርት በጆሮዬ አልገባም፤ በጀርባዬ ነው የገባው። ልጅቱን ማስደንገጥ ይብቃኝና ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ፣ ባንዲራውን ሰቅሎ በተቀመጠበት ዘመን ነው። እኔ ጎረምሳ ነበርሁ። ቅኔ ቤት ገብቼ የቅኔውን መጀመሪያ ጉባኤ ቃናን እንደ ምንም ተሻግሬ ስንገዳገድ መምህሬ፣ «ልጄ፣ አንተ ለዚህ አልተፈጠርህም፤ አገርህ ግባና እረስ» አሉኝ። ገብቼ ሳርስ ደግሞ አባቴ ትልሜን እስከ ጫፉ ተከትለው አዩና፣ «መምህሩ ችኩል ናቸው፣ ትንሽ ቢታገሡ ምን ነበር» አሉ። በዚህ ዓይነት ከሁለቱም ወጥቼ ችሎት አዳማጭ ሆንሁ። ድንበር የተገፋበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ሚስት የኮበለለችበት ሰው በሚሟገትበት ሁሉ እገኛለሁ። ዋስ እንዴት እንደሚጠራ፣ ምስክር እንዴት እንደሚሻር፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው እስከ ፍርዱ ቀን እንዴት እንደሚቆራኙ አንዱም አያመልጠኝም። ከዚያ ያልጠየቀኝን ሰው ሁሉ ሕግ እመክራለሁ። ሰዎች እኔን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩት ሥራ በዝቶባቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ከደብረ ማርቆስ ትልቅ ሹም ሊጎበኝ ይመጣል ተባለና፣ የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን በምሽጉ አጥር ዙሪያ ቤት ያለው ሁሉ አበባ እንዲተክል አዋጅ አስነገረ። የቡሬ ሰው አበባ በአዋጅ ተክሎ አያውቅም። አንዱ አደስ ተከለ። አንዱ ጌሾ ተከለና «ቅጠሉስ ቢሆን ምን ይወጣለታል» አለ። ሌላው ዱባ ተክሎ፣ ዱባም ያብባል ብሎ ከወታደር ጋር ሲሟገት ዋለ። ሹሙ በፈረስ ሲያልፍ ቆሞ ያየው የዱባውን አበባ ብቻ ነው አሉ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አንጓች ግን እንሶስላቸውን ከጓሮ ነቅለው አጥሩ ሥር ተከሉት። እንሶስላን ለማያውቅ፣ ክረምት ሲገባ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሲመሽ ሽታው ደጅ ያውዳል። ሴቶቻችን የሚፈልጉት ግን ሥሩን ነው። ተቀጥቅጦ እጅና እግራቸው ላይ ሲታሰር ያድርና እንደ በርበሬ ያቀላዋል። ሥሩ እስኪወፍር ዓመታት ይፈልጋል። ወይዘሮ አንጓች ያሳደጉት ለአንዲት ልጃቸው ሠርግ ነበር። ልጅቱ ጥርስ ከማብቀሏ በፊት የተተከለ ነው ይላሉ፤ ከልጅቱና ከእንሶስላው ማንን አብልጠው ይኮተኩቱ እንደ ነበር ግን እኔ አልፈርድም።

ስለ ባላቸውም ልንገራችሁ። ባላቸው በዓባይ በረሃ ከአርበኞች ጋር ነበሩ። ለጣልያን ግን ሞተዋል ተብሎ ተነግሯል፤ ወይዘሮ አንጓች ጥቁር ለብሰዋል፣ ተዝካርም ወጥቷል። ተዝካሩን እኔም በልቻለሁ። ሟቹ በሰው በኩል «ወጡ እንዴት ነበር?» ብለው አስጠይቀውኛል።

ካፒቴኑ ብሩኖ የሚባል ውሻ አለው። ጥጃ የሚያህል፣ ጆሮው እንደ ጦር የቆመ። ምሽጉን የሚጠብቀው እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ወታደሮቹማ ዝናብ ሲጥል ከመጠለያቸው አይወጡም። ካፒቴኑ ውሻውን ይወዳል። የሰው ስም ሲጠራ ፊቱ ይጠቁራል፣ የውሻውን ስም ሲጠራ ይፈካል።

በፍልሰታ ጾም ውስጥ አንድ ጥዋት ብሩኖ እንሶስላው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። አረፋ ደፍቋል፣ እግሩ አንዱ ወደዚያ አንዱ ወደዚህ ሆኗል፣ ከንፈሩ ላይ ነጭ የአበባ ቅጠል ተለጥፏል፤ ትንፋሹ ግን አለ። ወዲያው ወይዘሮ አንጓች ተያዙ። ካፒቴኑ በአገሬው ሕግ ፈረደ እንዲባልለት ሽማግሎችን በምሽጉ በር ሰበሰበ። እኔን የጠራኝ የለም፤ ችሎት በሸተተኝ ጊዜ ጥሪ አልጠብቅም።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ካፒቴኑ እንዲህ ይላሉ፦ ይህ አበባ ውሻን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ተማክራችሁ ቁርጡን ንገሩኝ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። የሽማግሎቹ አለቃ ግራዝማች በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ለመሆኑ ውሻ አበባ ይበላል?» አሉ በመጨረሻ።

«የኔ ውሻ አይበላም፣ ግራዝማች» አለ አንዱ። «የኔ ውሻ ድንጋይ ነው የሚበላ፤ ሌላ የሚሰጠው ያለ አይመስለኝም።»

«እንሶስላ የሴቶች ጉዳይ ነው። ሴቶች ይጠየቁ።»

ከአጥሩ ወዲያ የቆመች አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች መለሰች። «ዓመት በመጣ ቁጥር እጄ ላይ ነው። እጄን ውሻችን ይልሰዋል። ባሌም ከእጄ ይጎርሳል። እስካሁን ሁለቱም በሕይወት አሉ።»

«ውሻውስ ደህና ነው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

አስተርጓሚው ሳይስቅ ተረጎመ። ካፒቴኑ፣ ያ ሥሩ ነው፣ ውሻዬ የበላው አበባውን ነው አለ። ቀጥሎም፣ አበባው ንጹሕ ነው የሚል ካለ ዋስ ይሁነውና ልየው አለ።

ዋስ የሚሆን አልወጣም። ወይዘሮ አንጓች በሁለት ወታደሮች መካከል ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። አበባው ነጻ ከወጣ የተከሉትም ነጻ ይወጣሉ ብዬ አሰላሁ። ደግሞ በሕይወቴ ሙሉ ዋስ ሁነኝ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ጋቢዬን አደግድጌ ወጣሁና፣ «አበባው ንጹሕ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ» አልሁ።

ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለምን እንደ ጨፈኑ ወዲያው ገባኝ።

«መልካም» አለ ካፒቴኑ በአስተርጓሚው አፍ። «አበባው ካልሆነ እንግዲያው የሰው እጅ ነው። በገበያ ቀን ውሻው በሕዝብ ፊት አበባውን ይበላል። በልቶ ደህና ከሆነ መርዙን የሰጠችው ሴትዮዋ ናት፤ ትሰቀላለች። በልቶ ከታመመ ጥፋቱ የአበባው ነው፤ ዋሱ ይገረፋል።»

እንግዲህ ተመልከቱ። የሰው ነፍስ ላድን ወጥቼ አበባውን ነጻ አወጣሁና ገመዱን በወይዘሮ አንጓች አንገት አስገባሁ። የሕግ ዕውቀቴ ፍሬ ያፈራው ያን ዕለት ነው። ለመሸሽ አሰብሁና እንደ ልማዴ ሌላ ሕግ ጠቀስሁ። «በእኛ ሕግ ዋስ በተከሳሽ እግር የገባ ነው» አልሁ። «ተከሳሽ ደግሞ እስከ ፍርዱ ቀን ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል። ተበዳዩም ከሳሹም ውሻው ነው። ሰው ከውሻ ጋር አይቆራኝምና ፍርዱ ይቆይልን።»

ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ካፒቴኑ ግን ራሱን ነቀነቀ። በጣም ጥሩ ሕግ ነው አለ። የጋቢዬ ጫፍ ከብሩኖ ሰንሰለት ጋር ተቋጠረ፤ ቋጠሮው በሰም ታተመ።

የዚያን ሰሞን ኑሮዬን በአጭሩ ልንገራችሁ። ውሻው ሳይመሽ ነቅቶ ተነሣ፤ ራሱን ግን አሞታል፣ የሚያየኝም ጥፋተኛው እኔ እንደሆንሁ አድርጎ ነው። የማድረው በእሱ ቤት ነው። የእሱ ቤት ቆርቆሮ ክዳን ነው፣ የኔ ቤት የሣር ነበር፤ በቆርቆሮ ቤት ያደርሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ እስከ ቅዳሴ መውጫ እጾማለሁ፣ እሱ አፍንጫዬ ሥር የቆርቆሮ ሥጋ ይበላል። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ከበሩ ላይ አዩንና፣ «አንተ ከነባልደረባህ ከውጭ አስቀድስ» አሉኝ። በዝናብ ቆመን አስቀደስን። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ?» ይለኛል። መጀመሪያ በአንድ ጀንበር የተከበርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የገበያው ቀን ነው። አበባው እንደማይጎዳ አውቃለሁ፤ የቡሬ ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ብሩኖ አበባውን በልቶ ጅራቱን ይቆላል። ወይዘሮ አንጓችም ይሰቀላሉ። ለጊዜው በቤታቸው ነው የታሰሩት፤ በራቸው ላይ አንድ ወታደር ቆሟል።

በገበያው ዋዜማ ብሩኖ ድንገት ተነሥቶ ጎተተኝ። የሚጠብቀን ወታደር ዝናቡን ፈርቶ ከአንድ ቤት ጣራ ሥር ቀረ። ውሻው በጭቃው እየጎተተ፣ ጋቢዬን እያስረዘመ፣ ከወይዘሮ አንጓች ጓሮ አስገባኝ። በር ጠባቂው በፊት ለፊት ነው፤ በጓሮ የመጣብን የለም። ብሩኖ ከጠላው ጋን አጠገብ ደርሶ ቁጭ አለ። አንድ የፊት እግሩን አነሣ። ልክ የዘወትር ጠጪ መሸታ ቤት ገብቶ መለኪያውን እንደሚጠብቅ።

ወይዘሮ አንጓች በጓሮ በር ብቅ ብለው ሁለታችንን አዩን። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እሜቴ፣ ይኸ ውሻ ቤቱን እንዴት አወቀው?» አልኋቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የባሌ ሰዎች ከበረሃ እህል ሊወስዱ ሌሊት በዚህ ይመጣሉ። ይኸ ሰይጣን ከጮኸ አለቅን። አተላ ስሰጠው ዝም አለ። አተላውን ለመደና ደግሞ ያለ አረቄ እንቢ አለኝ። ያን ዕለት የአረቄው እጄ በዛ።»

«ስለዚህ ሰክሮ ነው የወደቀ?»

«እንደ ሞተ ነው የሰከረ።»

የሴትየዋ እጅ በእርግጥ አለበት ማለት ነው። እኔ ደግሞ የአበባው ዋስ ነኝ። አበባውን ነጻ ካወጣሁት እውነቱን ተናገርሁ፣ እሳቸውም ሞቱ።

«እሜቴ» አልሁ፣ «እንሶስላው ይወንጀል።»

«እንሶስላው ምን አደረገ?»

«ምንም። ግን እሱ አይሰቀልም።»

ዓይናቸው በአጥሩ በኩል ወደ አበባው ሄደና ቆየ። «ይነቅሉታል» አሉ።

«ይነቅሉታል።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ መጠኑ ብቻ ነው። ምን ያህል አተላ፣ ምን ያህል አረቄ፣ ከመቼ በፊት። እሳቸው ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ አይተው ለመውደቅ ስንት መለኪያ እንደቀረው ያውቃሉ። የብሩኖን ግን ገና መገመታቸው ነበር።

በገበያው ዕለት ጥዋት በዚያው መንገድ ሄድን። ብሩኖ ድርሻውን እስከ ጭላጩ ጠጣ። እኔም አረቄ ተጉመጥምጬ ጋቢዬ ላይ ረጨሁ፤ ሽታው የኔ ነው እንዲባል። መጉመጥመጥ ያልሁት ለንስሐ አባቴ ነው፤ ለእናንተ ግን ዋጥሁት ብል ምን አገባኝ። አንድ እፍኝ አተላም በመዳፌ ጨብጬ ያዝሁ። ከዚያ እስከ ምሽጉ በር ያለው መንገድ በዕድሜዬ የሄድሁት ረጅሙ መንገድ ነው። ውሻው ወደ ግራ ሲዘም እኔም ወደ ግራ እዘማለሁ፤ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ያየን ሁሉ ውሻው የሰከረ ዋስ እየመራ መጣ አለ።

ገበያተኛው ከማንኩሳ ሳይቀር መጥቶ ቆሟል። አስተርጓሚው ራሱ አበባውን ቆርጦ በሳህን አቀረበ። ብሩኖ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ወይዘሮ አንጓች ከወታደሮቹ መካከል ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ መሆን አለበት።

«በእኛ ሕግ» አልሁ፣ «የሚያጎርሰው ዋሱ ነው።»

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ግራዝማች ግን ሳይደነግጡ፣ «አለ፣ አለ» አሉ፤ ሌሎቹ ሽማግሎችም አከታትለው መሰከሩ። አበባውን በእጄ ጠቅልዬ፣ አተላ ያለበትን መዳፌን አስጠግቼ፣ እንደ ሙሽራ ደህና አድርጌ አጎረስሁት። ብሩኖ አበባውን ዋጠ፣ መዳፌን ላሰ፣ ጣቶቼን መረመረ። ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ሁለት ሦስት እርምጃ አለና ፊት እግሩ ታጠፈ። ጌታውን በፍቅር ቀና ብሎ አየው። ጫማው ላይ ተጋድሞ ማንኮራፋት ጀመረ።

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ የውሻውን አፍ አየ። አፍንጫው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ወይዘሮ አንጓችን፣ ጥቁር ልብሳቸውን አየ። ለካፒቴኑ በጣልያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ካፒቴኑ እጁን አነሣና፣ «አበባው ነው» አለ።

«ሴትዮዋስ? የተከለችው እሷ ናት» አለ አንዱ መኮንን፣ አስተርጓሚው እንደ ነገረን።

ግራዝማች በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። «ያስተከለው አዋጁ ነው፣ ጌታዬ» አሉ በጣም በትሕትና። «እሳቸው አዋጅ አክብረዋል። አዋጅ ያከበረ ከተሰቀለ ዱባ የተከለው ሰው ደግሞ ምን ሊሆን ነው?»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ካፒቴኑ ቀላ። ወይዘሮ አንጓች ተለቀቁ። አጥሩ ዙሪያ ያለ አበባ ሁሉ እንዲነቀልና እንዲቃጠል፣ ውሻውም ዳግመኛ ወደዚያ አጥር እንዳይቀርብ ትእዛዝ ወጣ። ወታደሮች እንሶስላውን በዶማ ፈነቀሉት። የሰው ክንድ የሚያህል ሥር ከመሬት ወጥቶ እሳት ላይ ሲጣል ገበያ የመጡ ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ጋቢዬ ተፈትቶ፣ እዚያው እሳቱ አጠገብ ተጋድሜ የዋስነቴን ተቀበልሁ። የጅራፉን ነገር አልተርክም፤ ገራፊው ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር ካልሁ ይበቃል።

በነጋታው ወይዘሮ አንጓች ቅቤ ይዘው መጡ። በደረቴ ተኝቻለሁ። ጀርባዬን ቀስ እያሉ አሹት።

«ሰዎቹ መጥተው ነበር» አሉ በኋላ። «በአጥሩ በኩል። የጮኸም የለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝ።»

«ምን ብዬ እቀየምዎታለሁ፣ እሜቴ።»

«ትናንት አንተን ሲገርፉህ እኔ የማየው ሥሩን ነበር። ሲቃጠል። አንተን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁህም። ልጄን በነጭ እጇ ልድራት ነው እያልሁ ነበር የማለቅስ።»

ቅቤው ቁስሌን አቃጠለኝ።

«እኔም ብሆን ጀርባዬን አላሰብሁትም፣ እሜቴ» አልኋቸው። «ውሻውን ነበር የማየው። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ጆሮው ትነቃነቃለች። አሁን ተነሥቶ ጅራቱን ቆላ፣ አሁን ወደ ጋኑ ሮጠ እያልሁ፣ ገራፊው ቀስ እንዲል ስለምነው ሁሉም ለራሴ የምለምን መሰላቸው።»

እሳቸው ስለ ሥሩ፣ እኔ ስለ ውሻው፤ ያን ዕለት በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል ስለ ጀርባዬ ያሰበ ገራፊው ብቻ ነበር።